መቆለፊያውን በትኑ፣ መክፈቻውን ደብቁ፦ የግል መልእክትን መመስጠር ለሚጀምር ሰው

አማርኛ «ቁልፍ» የሚለውን ቃል ሥራ ያበዛበታል። በሩ ላይ የሚንጠለጠለው ቁልፍ ነው። እሱን የሚከፍተውም ቁልፍ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ፊደል የምንመታበትም ቁልፍ ነው። ሌላ ጊዜ ችግር የለውም፣ ከዐውዱ እንረዳዋለን። ስለ ምስጠራ ማውራት ስንጀምር ግን ያምታታናል። «የአደባባይ ቁልፍህን ላክልኝ» የተባለ ሰው ይደነግጣል። ቁልፍ ደግሞ ለሰው ይላካል እንዴ? እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ያልኩት ይህንኑ ነበር።

መላው ቀላል ነው። የአደባባይ ቁልፍ ወይም ይፋዊ ቁልፍ የሚባለውን «መቆለፊያ» በሉት። የግል ቁልፍ የሚባለውን «መክፈቻ» በሉት። ሁለቱ አብረው ይወለዳሉ። በመቆለፊያው የተዘጋውን የሚከፍተው የእሱ መክፈቻ ብቻ ነው። መቆለፊያችሁን ለወዳጅም ለባዳም ብትበትኑት ጉዳት የለውም። የደረሰው ሁሉ መልእክት ቆልፎ ይልክላችኋል፤ መልሶ መክፈት ግን አይችልም። የቆለፈው ሰው ራሱ እንኳ አይችልም። መክፈቻው ከእናንተ እጅ አይወጣም።

በዚህ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የምጠቀመው እነዚህን ሁለት ቃላት ነው። ፕሮግራሙ «ፐብሊክ ኪይ» ሲል መቆለፊያ፣ «ሲክሬት ኪይ» ወይም «ፕራይቬት ኪይ» ሲል መክፈቻ ብላችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ ነገር ለእናንተ ነው?

እውነቱን ልንገራችሁ። የምትፈልጉት ከወዳጆቻችሁ ጋር በስልክ መጻጻፍ ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ የለባችሁም። ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ ጫኑና በቃ። እዚያም ውስጥ መቆለፊያና መክፈቻ አለ፤ ግን አፑ ራሱ ያዘጋጃል፣ ራሱ ይለዋውጣል፣ እናንተን አያስቸግርም። ዋትሳፕም ከ2016 ጀምሮ ለሁሉም ተጠቃሚ የሲግናልን አሠራር ተከትሎ ይመሰጥራል። ቴሌግራም ላይ ግን ልብ በሉ። ተራው ጭውውት ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ) አይመሰጠርም፤ «ሲክሬት ቻት» ብላችሁ የከፈታችሁት ብቻ ነው እንዲያ የሚሆነው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ኢሜይል ሌላ ጉዳይ ነው። ኢሜይል ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ላይ ተሸፍኖ ነው የሚሄደው። ሰርቨር ላይ ሲያርፍ ግን ሽፋኑ ይገለጣል። የእናንተ ኢሜይል አቅራቢ ሊያነበው ይችላል፣ የተቀባዩም እንዲሁ። ፓስዎርድ ሰርቆ የገባ ሌባም ያነበዋል፤ ያውም የትናንቱን ብቻ ሳይሆን የዓመታቱን ክምር። ዛሬ የምንማረው ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ለኢሜይል፣ በኢሜይል ለሚላክ ፋይል፣ ስልክ ቁጥራችሁን ልትሰጡት ለማትፈልጉት ሰው፣ መቆለፊያውን ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦ «በዚህ ላኩልኝ» ላለ ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ።

ከውስጥ እንዴት ነው የሚሠራው?

ይህን ክፍል መዝለል ትችላላችሁ። እኔ ግን አልዘልም፣ ደስ ስለሚለኝ።

ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሰዎች በምስጢር ለመጻጻፍ ከፈለጉ አስቀድመው አንድ የጋራ ምስጢር መያዝ ነበረባቸው። ግን ያንን ምስጢር በምን መንገድ ይለዋወጡት? የማይሰማ የማይታይ መንገድ ካላቸው፣ መጀመሪያውኑ ምስጠራ ምን ያደርግላቸዋል? በ1976 ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መውጫውን አሳዩ፦ መቆለፊያውና መክፈቻው የግድ አንድ መሆን የለባቸውም። በዓመቱ፣ በ1977፣ ሪቬስት፣ ሻሚርና ኤድልማን ሐሳቡን በሥራ ላይ የሚያውል ስሌት ሠሩ። በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አርኤስኤ ተባለ። የሚገርመው፣ ክሊፎርድ ኮክስ የሚባል የብሪታንያ የስለላ መሥሪያ ቤት ባልደረባ በ1973 ያንኑ ስሌት ደርሶበት ነበር። ምስጢር ነውና እስከ 1997 ድረስ ዓለም አላወቀለትም።

ስሌቱ የቆመው በአንድ ቀላል ነገር ላይ ነው። 61 በ53 ሲባዛ ስንት ነው? ወረቀት ይዛችሁ 3233 ለማለት አፍታ አይፈጅባችሁም። አሁን ገልብጡት፦ 3233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው? ይህ ያንገላታል። መቆለፊያው ውስጥ ያለው ብዜቱ ነው፤ መክፈቻው የሚሠራው ደግሞ ከሁለቱ ቁጥሮች ነው። ቁጥሩ በረዘመ መጠን ማባዛቱ ቀላል እንደሆነ ይቀራል፣ ወደ ሁለቱ ቁጥሮች መልሶ መለያየቱ ግን ከአቅም በላይ ይሆናል። በ2020 ተመራማሪዎች 250 አኃዝ ያለውን አንድ ቁጥር እንዲህ ለያዩት። አንድ የኮምፒውተር ኮር ብቻውን ቢሠራው ወደ 2,700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነበር። ዛሬ የተለመደው ባለ 3072 ቢት ቁልፍ ላይ ያለው ቁጥር ወደ 925 አኃዝ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለው ስሌት ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ መልእክታችሁን በሙሉ በመቆለፊያው አያሽገውም። ለዚያች መልእክት ብቻ የምታገለግል አንዲት ትንሽ ቁልፍ በዘፈቀደ ይፈጥራል፣ መልእክቱን በእሷ በፍጥነት ይመሰጥራል፣ ከዚያ ያቺን ትንሽ ቁልፍ ብቻ በተቀባዩ መቆለፊያ ይዘጋታል። አንድ መልእክት ለአምስት ሰው ሲላክም መልእክቱ አንድ ነው፤ ትንሿ ቁልፍ ናት አምስት ጊዜ የምትታሸገው።

መሣሪያውን መምረጥ

በ1991 ፊል ዚመርማን የሚባል ሰው ፒጂፒ የተሰኘ ፕሮግራም ለማንም በነፃ ለቀቀ። የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ዘመን ጠንካራ ምስጠራን ከጦር መሣሪያ ጋር ነበር የሚቆጥረው። «ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ልከሃል» በሚል ዚመርማን ላይ ለዓመታት ምርመራ ተካሄደበት፤ በ1996 ያለ ክስ ተዘጋ። ፒጂፒ ዛሬ ኦፕንፒጂፒ የሚባል ክፍት ደረጃ፣ ማለትም ማንም ሊከተለው የሚችል የጋራ ደንብ ሆኗል። የተለያዩ ፕሮግራሞች ይህን ደረጃ ስለሚከተሉ እርስ በርስ ይግባባሉ። እናንተ በአንዱ ብትጽፉ ወዳጃችሁ በሌላው ይከፍተዋል።

ለጀማሪ የምመክረው ተንደርበርድን ነው። ነፃ የኢሜይል ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ከ2020 ወዲህ ምስጠራው አብሮት ስለሚመጣ ተጨማሪ ነገር መጫን የለባችሁም። ኢሜይላችሁን በብሮውዘር ብቻ የምትከፍቱ ከሆነ ሜልቨሎፕ የሚባል ማከያ አለ። ፋይል ብቻ መቆለፍ የሚፈልግ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ደግሞ ክሊዮፓትራን ይሞክር። እኔ ግን ከዚህ በታች የምሄደው በተንደርበርድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ማጽናኛ። በ1999 ሁለት ተመራማሪዎች 12 ሰዎችን ሰብስበው በጊዜው የነበረውን ፒጂፒ ሰጧቸውና 90 ደቂቃ ፈቀዱላቸው። መልእክት በትክክል ፈርመውና መስጥረው የላኩት ሲሶዎቹ ብቻ ነበሩ። ፕሮግራሞቹ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽለዋል። ግን መሃል ላይ ግራ ቢገባችሁ እናንተ ሰንፋችሁ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ተንደርበርድን ጫኑ

ከራሱ ከተንደርበርድ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ከማታውቁት ቦታ የወረደ የምስጠራ ፕሮግራም ከሌባ የተገዛ መቆለፊያ ነው። ከተጫነ በኋላ ኢሜይል አድራሻችሁንና ፓስዎርዳችሁን አስገቡ፣ ቀሪውን ራሱ ያስተካክላል። አንድ ተራ ኢሜይል ልካችሁ መድረሱን እዩ። እዚህ ላይ ያለ ችግር ከምስጠራው ጋር ሲደባለቅ መፍቻው ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ ፓስዎርዱን አስቀድሙ

ብዙ መመሪያ ይህን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። እኔ ወደ ፊት አመጣሁት። ተንደርበርድ መክፈቻችሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። እናንተ ካልነገራችሁት በስተቀር ላፕቶፑን የከፈተ ሰው ሁሉ የተመሰጠረውን መልእክት ያነባል። ስለዚህ «ሴቲንግስ» ውስጥ ግቡ፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ፣ «ዩዝ ኤ ፕራይመሪ ፓስዎርድ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ።

ፓስዎርዱ ረጅም ይሁን። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ስድስት ተራ ቃላት በመደዳ፣ በምልክት ከተሞላ አጭር ቃል ይሻላሉ። ለመገመት ይከብዳሉ፣ ለማስታወስ ይቀልላሉ። ቃላቱን ከጭንቅላታችሁ አትምረጡ፤ መጽሐፍ በዘፈቀደ እየገለጣችሁ ጣታችሁ ያረፈበትን ውሰዱ።

ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ። ቃላቱ አማርኛ ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ግን በላቲን ፊደል ጻፏቸው። ብዙ ፓስዎርድ ማስገቢያ ሳጥኖች የአማርኛ ኪቦርድን አይቀበሉም። ቢቀበሉም እንኳ አንድ ቀን አማርኛ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ትቀመጡና በራሳችሁ ቋንቋ ከራሳችሁ ቤት ትቆለፋላችሁ። አንዱን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መጻፋችሁንም አረጋግጡ። «ጸሐይ»ን በላቲን ዛሬ በ«ቲኤስ»፣ ነገ በ«ኤስ» የሚጽፍ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ ጉድ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ጥንዱን ፍጠሩ

ሜኑውን ክፈቱ፣ «አካውንት ሴቲንግስ» ግቡ፣ ከኢሜይል አድራሻችሁ ስር «ኢንድ ቱ ኢንድ ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ንኩ። «አድ ኪይ» የሚል ቁልፍ አለ (ይኸው፣ ቃሉ አሁንም አመለጠኝ)። እሱን ተጫኑና አዲስ ኦፕንፒጂፒ ኪይ ፍጠር የሚለውን ምረጡ። ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል።

አንደኛው የቁልፉ ዓይነት ነው። አርኤስኤ ወይም ኢሲሲ ይላል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ኢሲሲ አዲስ፣ አጭርና ፈጣን ነው። አርኤስኤ ደግሞ የቆየ ፕሮግራም ካለው ሰው ጋርም ያግባባችኋል። አርኤስኤን ከመረጣችሁ 3072 ቢት ይበቃል። ሰዎች እዚህ ላይ ቆመው ሲጨነቁ አያለሁ። አትጨነቁ። ማንም የእናንተን ቁልፍ በስሌት አይሰብርም፤ ከሰበረም ላፕቶፑን ሰርቆ ነው።

ሁለተኛው የሚያበቃበት ቀን ነው። «አያልቅም» የሚለውን አትምረጡ። ይህን ስል ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት ማብቂያ ቀን የሌለው ጥንድ ፈጥሬ መቆለፊያውን በየሰርቨሩ በተንኩት። ከዚያ ላፕቶፔን ፎርማት አደረግሁት። መክፈቻው እዚያው ውስጥ ነበር፣ ኮፒ አልነበረኝም። የበተንኩትን መልሼ መሰብሰብ አልቻልኩም፤ የዚያን ጊዜ ሰርቨሮች አንዴ የተቀበሉትን አይሰርዙም ነበር። መቆለፊያው በስሜ አሁንም እዚያ አለ። አልፎ አልፎ አንድ ሰው ያገኘውና በእሱ ቆልፎ ይጽፍልኛል። እኔ አልከፍተውም። ማንም አይከፍተውም። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብላችሁ ሙሉ። ቀኑ ሲደርስ ማራዘም ይቻላል፤ መክፈቻው ቢጠፋ ደግሞ መቆለፊያው በጊዜው ራሱ ይሞታል።

«ጀነሬት ኪይ» በሉ። ትንሽ ይቆያል። ጥንዱ ሲወለድ ለዚህ አካውንት የተመረጠው እሱ መሆኑን እዚያው ገጽ ላይ አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ዛሬውኑ ኮፒ አስቀምጡ

ነገ አትበሉ። «ቱልስ» ከሚለው ሜኑ «ኦፕንፒጂፒ ኪይ ማኔጀር»ን ክፈቱ። ስማችሁ ላይ ቁሙ፣ «ፋይል» ከሚለው ስር መክፈቻውን ወደ ፋይል መገልበጫውን ምረጡ። ስሙ «ባክአፕ ሲክሬት ኪይ» ይላል። ለፋይሉ ሌላ ፓስዎርድ ይጠይቃችኋል።

ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጉት። ሁለት ፍላሽ ብታደርጉት ይሻላል፤ ፍላሽ ይበላሻል። ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጻፉና ከፍላሹ ርቆ አስቀምጡት። ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ኢንተርኔት ወረቀት አይሰርቅም። ለራሳችሁ በኢሜይል አትላኩት፣ ክላውድ ላይ አትጫኑት፣ ስክሪንሾት አታንሱት።

ይህ ፋይል ሌላም ጥቅም አለው። መክፈቻው በእጃችሁ እስካለ ድረስ መቆለፊያው መሻሩን በፊርማችሁ ማወጅ ትችላላችሁ። «ሪቮክ» ይባላል። እኔ ያጣሁት ይህንን ነው።

ደረጃ 5፦ መቆለፊያውን ስጡ

አሁን መበተን ነው። ቀላሉ መንገድ ኢሜይል ስትጽፉ «ኦፕንፒጂፒ» ከሚለው ሜኑ «አታች ማይ ፐብሊክ ኪይ»ን መምረጥ ነው። መቆለፊያችሁ እንደ ትንሽ ፋይል ተያይዞ ይሄዳል። ከኪይ ማኔጀር ወደ ፋይል አውጥታችሁ በፈለጋችሁት መንገድ መስጠትም ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም በሉ። የመቆለፊያውን ፋይልና የመክፈቻውን ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ። በስሕተት መክፈቻውን የላከ ሰው መላውን ነገር ከዜሮ መጀመር አለበት።

የማያውቃችሁም ሰው እንዲያገኘው ከፈለጋችሁ የመቆለፊያ ማከማቻ ሰርቨር አለ። ዛሬ የምመክረው ከ2019 ጀምሮ የሚሠራውን «ኪይስ ነጥብ ኦፕንፒጂፒ ነጥብ ኦርግ» ነው። ከድሮዎቹ የሚለይበት አለ። አድራሻው የእናንተ መሆኑን በኢሜይል ጠይቆ ሳያረጋግጥ መቆለፊያውን በአድራሻችሁ አያወጣም። ልሰርዝ ብትሉም አድራሻችሁን ያነሳላችኋል።

ደረጃ 6፦ የወዳጃችሁን መቆለፊያ ተቀበሉ፣ ግን አትመኑት

ዋናው ነገር ይህ ነው። ስሌቱ አይሰበርም ብያለሁ። የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

አስቡት። ለሳራ ምስጢር ልትጽፉ ነው። «የሳራ መቆለፊያ» የሚል ፋይል በኢሜይል ደረሳችሁ። በእውነት የሳራ ነው? በሳራ ስም ጥንድ ለመፍጠር ምንም ፈቃድ አያስፈልግም። ስሙን መጻፍ ብቻ ነው። መሃል ላይ የቆመ ሰው የራሱን መቆለፊያ «የሳራ ነው» ብሎ ቢሰጣችሁ፣ እናንተ በደስታ ቆልፋችሁ ትልኩለታላችሁ። እሱ ከፍቶ ያነባል፣ ከዚያ በእውነተኛው የሳራ መቆለፊያ ዘግቶ ያስተላልፈዋል። ሳራም እናንተም ምንም አታዩም።

መድኃኒቱ «የጣት አሻራ» ነው። እያንዳንዱ መቆለፊያ ከራሱ የሚወጣ፣ ሌላው የማይጋራው 40 ምልክት አለው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉ አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የላቲን ፊደላት፣ አራት አራት ሆነው ተቧድነው። ኪይ ማኔጀር ውስጥ ስሙ ላይ ሁለት ጊዜ ስትነኩ «ፊንገርፕሪንት» ብሎ ያሳያችኋል።

ሳራ ጋ ደውሉ። ፋይሉ በመጣበት በዚያው ኢሜይል አትጠይቁ፤ መሃል ላይ ያለው ሰው ራሱ ይመልስላችኋል። ድምፅዋን የምታውቁት ከሆነ ስልክ ይበቃል፣ ቪዲዮ ይሻላል፣ በአካል መገናኘት ከሁሉም ይበልጣል። እሷ ከራሷ ስክሪን ታንብብ፣ እናንተ ከእናንተ ስክሪን ተከተሉ። በስልክ ላይ ቢ፣ ዲ እና ኢ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ተስማሙ፦ ኤ እንደ አንበሳ፣ ቢ እንደ በር፣ ሲ እንደ ሲሚንቶ፣ ዲ እንደ ድመት፣ ኢ እንደ ኢሜይል፣ ኤፍ እንደ ፍየል። መጀመሪያ ያስቃል። ከዚያ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

40ውን በሙሉ አንብቡ። «የመጨረሻዎቹን 8 ብቻ እንይ» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ድሮ እንዲያ ይደረግ ነበር። በ2014 ተመራማሪዎች የመጨረሻ 8 ምልክቱ ከሌላ ሰው ጋር አንድ የሆነ መቆለፊያ በሰከንዶች ውስጥ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። 40ውን ማመሳሰል ግን አይቻልም። በአዲሱ የ2024 የኦፕንፒጂፒ ደረጃ የሚሠሩ መቆለፊያዎች ደግሞ አሻራቸው 64 ምልክት ነው። ረዘም ብሎ ካገኛችሁት አትደንግጡ።

ፋይሉን ለማስገባት ተያይዞ የመጣውን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ንኩና «ኢምፖርት ኦፕንፒጂፒ ኪይ» በሉ። ተንደርበርድ ይህን መቆለፊያ ትቀበላላችሁ ወይ ብሎ አራት ምርጫ ይሰጣል፦ አልቀበልም፣ ለጊዜው ይቆይ፣ ተቀብያለሁ ግን አላረጋገጥኩም፣ ተቀብያለሁ አሻራውንም ራሴ አረጋግጫለሁ። የመጨረሻውን የምትመርጡት ከሳራ ጋር አብራችሁ ካነበባችሁ በኋላ ብቻ ነው። ለተራ ጉዳይ ሦስተኛውም ይሠራል፣ ከምንም ይሻላል። ሕይወት ወይም እንጀራ የሚነካ ጉዳይ ከሆነ ግን ደውሉ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያውን መልእክት ላኩ

አዲስ ኢሜይል ክፈቱ፣ የሳራን አድራሻ ጻፉ፣ «ኢንክሪፕት» የሚለውን ተጫኑ። የሳራ መቆለፊያ ከሌላችሁ ወይም ካልተቀበላችሁት ከታች ቢጫ ማስታወቂያ ይወጣል፤ «ሪዞልቭ» በሉና አስተካክሉ። ፊርማውም አብሮ ይበራል። ፊርማ ማለት በመክፈቻችሁ የሚመታ ማኅተም ነው። ማኅተሙን ማንም በመቆለፊያችሁ ማመሳከር ይችላል። ይህን አታጥፉት። ለምን መሰላችሁ? መቆለፊያችሁ በአደባባይ ስለተበተነ ማንም ሰው ቆልፎ ሊልክላችሁ ይችላል። መቆለፉ ብቻ ማን እንደላከው አይናገርም። ያንን የሚናገረው ማኅተሙ ነው።

ላኩ። ሳራ ስትከፍተው ከላይ የቁልፍ ምስልና የማኅተም ምስል ታያለች። እናንተም የላካችሁትን መልሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፣ ፕሮግራሙ በእናንተም መቆለፊያ አብሮ ስለሚዘጋው። አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ያንኑ መልእክት በብሮውዘር፣ በኢሜይል አቅራቢያችሁ ገጽ ላይ ክፈቱት። ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ትርምስ ነው። አቅራቢው የሚያየው ይህንኑ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ያለ ምክንያት ሦስቴ ከፍቼ አየሁት።

የሚለማመድ ወዳጅ ከሌላችሁ ሁለተኛ ኢሜይል አውጡና የራሱን ጥንድ ሥሩለት። ከራስ ጋር መጻጻፍ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ያስተምራል።

የማይሸፈነው

የተመሰጠረ ኢሜይል ፖስታው ላይ ያለውን አይደብቅም። ከማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ግዙፍ የሚለው ሁሉ ይታያል። ርዕሱን ተንደርበርድ ይሸፍነዋል፤ ብዙ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን አይሸፍኑትም። ስለዚህ ርዕስ ላይ «ሰላምታ» ብላችሁ እለፉ።

ሌላው ጣጣ መልስ ነው። አንድ ወዳጄ የመሰጠርኩለትን ረጅም ደብዳቤ በስልኩ ከፍቶ «እሺ፣ ደርሶኛል» ብሎ መለሰልኝ። ሳይመሰጥር። ከ«እሺ» በታች የእኔ ደብዳቤ እንዳለ፣ በግልጽ አማርኛ ተሰልፎ መጣ። መልስ ስትጽፉ ምስጠራው መብራቱን እዩ፣ የማያስፈልገውን የቀድሞ ጽሑፍም ቁረጡት።

በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች በኤችቲኤምኤል (እንደ ድረ ገጽ ባጌጠ) ኢሜይል በኩል የተፈታውን ጽሑፍ ማሾለክ እንደሚቻል አሳይተዋል። ቀዳዳው ተደፍኗል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ቪው» ውስጥ «መሴጅ ቦዲ አዝ» ከሚለው «ፕሌይን ቴክስት»ን መርጬ ነው የማነበው። ጌጡ ቀረብኝ፣ ጤና አገኘሁ።

የዚህ አሠራር ትልቁ ድክመት ግን አንድ ነው። መክፈቻችሁ ከተሰረቀና ፓስዎርዱ ከታወቀ፣ የድሮ መልእክቶቻችሁ በሙሉ ይከፈታሉ። ሲግናል እንዲህ አይደለም፤ በየመልእክቱ ቁልፍ እየቀየረ የቀድሞውን ስለሚጥል የዛሬው ቁልፍ የትናንቱን አይከፍትም። ጠላፊ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ከገባ ደግሞ የትኛውም ምስጠራ አይረዳም። እናንተ ስታነቡ አብሮ ያነባል። ሲስተማችሁን አዘምኑ፣ ፈቃዱ የተሰበረ (ክራክ የተደረገ) ሶፍትዌር አትጫኑ።

ስልክ ላይ

በአንድሮይድ ተንደርበርድ አለ፤ ኦፕንኪይቼይን ከሚባል አፕ ጋር ሲጣመር ይመሰጥራል፣ ይፈታል። መክፈቻውን ወደ ስልክ ማሸጋገር ግን ማሰብ የሚፈልግ ነገር ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ለልጅ ይሰጣል። እኔ ስልኬ ላይ የለኝም። የተመሰጠረ ነገር ሲመጣ ላፕቶፑ ጋ እስክደርስ ይጠብቃል።

ቀኑ ሲደርስ፣ ወይም ሲጠፋ

ማብቂያ ቀኑ ሊደርስ ወር ሲቀረው እንዲያስታውሳችሁ ስልካችሁ ላይ ሙሉት። ኪይ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን ማራዘም የደቂቃ ሥራ ነው። አሻራው አይቀየርም። ግን የታደሰውን መቆለፊያ እንደገና ለሰዎቻችሁ ላኩ፣ ሰርቨሩም ላይ ጫኑት። አለዚያ እነሱ ጋ ያለው አሮጌው ሞቶ ይቆጠራል፣ መጻፍም አይችሉም።

ላፕቶፑ ከጠፋ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የኢሜይል ፓስዎርዳችሁን ወዲያው ቀይሩ። ፍላሹን አውጡ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈቻውን መልሱና የድሮውን ጥንድ ሻሩ። የተሻረውን መቆለፊያ ላኩ፣ ሰርቨሩ ላይም አውጡት። መክፈቻውን ግን አትጣሉት፤ የድሮ ደብዳቤዎቻችሁን የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ አዲስ ጥንድ ፍጠሩ። አዲሱን መቆለፊያ በኢሜይል ስትልኩ ወዳጆቻችሁ ሊጠራጠሩ ይገባል፤ ሌባውም እንዲህ ያለ ኢሜይል ሊጽፍ ይችላልና። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ደውሉና አዲሱን 40 ምልክት ከአንበሳው እስከ ፍየሉ እንደገና አንብቡላቸው።